የቴስታታ ቦይና የጋስኬት አገጣጠም፤ ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ንግድ እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ንግድ አይደለም። ስኳር በሚዛን ተለክቶ ከተሰጠ የሻጩ ግዴታ እዚያው ላይ ያበቃል። የሞተር ዕቃ ግን ከሱቅ ከወጣ በኋላ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጋጥሞ እሳትንና ግፊትን መቻል አለበት፤ ካልገጠመ ምንም ያህል አዲስና የሚያብረቀርቅ ቢሆን ለገዢው ጥፋት እንጂ ጥቅም አይሆንለትም። ስለዚህ የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ የማያውቅ ነጋዴ ዛሬ ቢያተርፍም ነገ ደንበኛውን ያጣል።

ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ዋጋው ትንሽ፥ መዘዙ ግን ትልቅ የሆነው ጋስኬት ነው። ጋስኬት ማለት ሁለት ብረቶች በሚገናኙበት ፊት መካከል ገብቶ አየር፥ ጭስ፥ ውሃና ዘይት እንዳይሾልክ የሚያሽግ ስስ ዕቃ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛው፥ ቴስታታ በሚባለው የሞተር ክዳን ውስጥ ያሉት የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ቦዮች ከጋስኬትና ከማኒፎልድ ጋር እንዴት እንደሚስተካከሉ ነው። ሁለተኛው፥ አስመጪውና ባለ ሱቁ በዚህ ሥራ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ምን እንደ ሆነ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ ቀድሞ የገቡት መኪኖች በአዲስ የነዳጅ መኪና ሊተኩ ስለማይችሉ፥ ብዙ ባለቤቶች እየጠገኑ ለረጅም ጊዜ ሊገለገሉባቸው ግድ ይሆንባቸዋል። የአሮጌ ሞተር ጥገና በበዛ ቁጥር የጋስኬትና የቴስታታ ፈላጊ ይበዛል፤ ፈላጊው በበዛ ቁጥርም በስሕተት ተሸጦ የሚደርሰው ጉዳት አብሮ ይበዛል።

ለምሳሌ የተወሰደው ሞተር

ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት በአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የላዳ ሞተር በምሳሌነት ተወስዷል። የላዳ መነሻው በኢጣሊያና በሶቪየት ኅብረት መካከል የተደረገ የንግድ ውል ነው። የቱሪኑ ፊያት ኩባንያና የሶቪየት መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 በተዋዋሉት መሠረት፥ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶሊያቲ ከተማ ታላቅ ፋብሪካ ተሠርቶ በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። የመኪናው አካል ከፊያት 124 የተወሰደ ነው፤ ሞተሩ ግን ተለውጦ፥ ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ በቴስታታው ላይ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ይህ የጥንቱ ቅርጽ ያለው መኪና በየጊዜው እየተሻሻለ ከ40 ዓመት በላይ ከተሠራ በኋላ በ2012 መሠራቱ አበቃ። በአዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ለብዙ ዘመን በታክሲነት ከማገልገሉ የተነሣ፥ ሕዝቡ ትንሿን ታክሲ ሁሉ፥ የሌላ ፋብሪካ ሥሪት እንኳ ብትሆን፥ «ላዳ» ብሎ መጥራት ለምዷል።

እንግዲህ ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ላዳ የሚለው ስም አንድ ሲሆን ሞተሩ ግን አንድ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ አራት ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው፤

2101፦ የሲሊንደር ስፋት 76 ሚሊ ሜትር፥ የፒስተን ጉዞ 66 ሚሊ ሜትር፥ የሞተር ይዘት 1,198 ሳንቲ ሜትር ኩብ።

21011፦ የሲሊንደር ስፋት 79፥ የፒስተን ጉዞ 66፥ ይዘት 1,294።

2103፦ የሲሊንደር ስፋት 76፥ የፒስተን ጉዞ 80፥ ይዘት 1,452።

2106፦ የሲሊንደር ስፋት 79፥ የፒስተን ጉዞ 80፥ ይዘት 1,569።

ከዚህ ዝርዝር እንደሚታየው፥ ትልቅ ይዘት ያለው ሞተር ሁሉ ሰፊ ሲሊንደር አለው ማለት አይደለም። የ2103 ሞተር ይዘቱ ከ21011 ይበልጣል፤ ነገር ግን ሲሊንደሩ ከእርሱ ይጠባል። ስለዚህ «ትልቁ ሞተር ነው» የሚለውን የገዢ ቃል ብቻ ሰምቶ ሰፊውን ጋስኬት አንሥቶ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። የስሕተቱንም ምንጭ የሚያባብሰው፥ የአራቱም ቴስታታ ብሎኖች በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ መሆናቸው ነው። የማይስማማው ጋስኬት በብሎኖቹ በኩል ያለ ችግር ይገባል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው።

ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ

ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በአየርም ጭምር ነው። ባለ 4 ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በ2 ዙር 1 ጊዜ አየርና ቤንዚን ይስባል። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ሲሊንደር 2,000 ጊዜ፥ ማለት በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ይስባል። ከአራቱ ትንሹ የሆነው የ1,198 ሞተር እንኳ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ቢሞላ በደቂቃ 2,396 ሊትር አየር ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ አየር በማጣሪያው፥ በካርቡሬተሩ፥ በመግቢያው ማኒፎልድ፥ በጋስኬቱ ቀዳዳና በቴስታታው ቦይ አልፎ፥ በቫልቩ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ክፍተት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከተቃጠለ በኋላም በሌላው ቫልቭና በሌላው ቦይ አልፎ ወደ ማርሚታ ይወጣል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከፍታው የቀነሰውን አየር ሰው ሊመልሰው አይችልም፤ በተዛባ ጋስኬት ምክንያት የሚጎድለውን ግን ማስቀረት ይቻላል።

ጠርዝ የሚያደርሰው ጉዳት

በላዳ ሞተር ላይ የመግቢያውና የመውጫው ማኒፎልድ በቴስታታው በአንድ ወገን ይታሰራሉ። ማኒፎልዱ ተሠርቶ የሚወጣው ከአንድ ቅርጽ፥ ቴስታታው ከሌላ ቅርጽ ነው። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ሲፈስ ትንሽ መዛነፍ አይቀርም። በዚህ ላይ በጥገና ጊዜ ማኒፎልዱ ከአንድ መኪና፥ ቴስታታው ከሌላ መኪና፥ ጋስኬቱም ከሦስተኛ ፋብሪካ ሲመጣ፥ የሦስቱ ቀዳዳዎች በልክ መገጣጠማቸው የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ሳይገጥሙ ሲቀሩ በመገናኛው ላይ ጠርዝ ይፈጠራል።

በመስኖ ቦይ ውስጥ ድንጋይ ቢጋደም ውሃው ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ከኋላው ይሽከረከራል፤ የሚወርደውም ውሃ መጠኑ ይቀንሳል። የአየርም ጠባይ ይህንኑ ይመስላል። ለማስረዳት ያህል፥ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቦይ ላይ የጋስኬቱ ጠርዝ ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ፥ የተከፈተው ቀዳዳ 27 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ለዐይን ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሲሰላ ከመተላለፊያው 19 ከመቶ ተዘግቷል። በተጨማሪም አየሩ ተሸክሞት የመጣው የቤንዚን ጤዛ ከጠርዙ ጋር ተጋጭቶ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳልና አንዱ ሲሊንደር ብዙ፥ ሌላው ጥቂት ቤንዚን ያገኛል።

ይሁን እንጂ ጠርዝ ሁሉ እኩል ጉዳት አያደርስም፤ ዋናው ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ጠርዝ፥ ወደ ኋላ ከሸሸ ጠርዝ እጅግ ይከፋል። በመግቢያው በኩል አየሩ የሚሄደው ከማኒፎልድ ወደ ቴስታታ ስለ ሆነ፥ የቴስታታው ቀዳዳ ከማኒፎልዱ እኩል ወይም በጥቂቱ ሰፋ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሊጠብ ግን አይገባም። በመውጫው በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ ጭሱ የሚሄደው ከቴስታታ ወደ ማኒፎልድ በመሆኑ፥ ከቴስታታው ቀዳዳ የማኒፎልዱ መብለጥ አለበት እንጂ ማነስ የለበትም። ጋስኬቱ ግን በሁለቱም በኩል ቢሆን ጠርዙ ከቦዩ ውስጥ መታየት የለበትም። በአጭር ቃል፥ አየር ወይም ጭስ በሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ለፊቱ የሚቆም ግድግዳ አይኑር።

ማስፋትና ማስተካከል አንድ አይደሉም

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ቦዩን በሙሉ ማስፋት ይሻላል» ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ብዙ ጥሩ ቴስታታዎችን ያበላሸ አሳብ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ30 ሚሊ ሜትር ቦይ ወደ 33 ቢሰፋ መተላለፊያው በ21 ከመቶ ያድጋል፤ ሞተሩ በዚያው ዙር የሚስበው አየር ያው ቢሆን ግን በቦዩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት በ17 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ አየሩ የቤንዚኑን ጤዛ ተሸክሞ ለመሄድ ይሳነዋል። በከፍተኛ ዙር ለሚሮጥ የእሽቅድምድም መኪና ይህ ላያስቸግር ይችላል። በከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሣ፥ በዝቅተኛ ዙር ሰው ለሚያመላልስ ታክሲ ግን ጉልበት ማጣትና ቤንዚን ማብዛት ይሆንበታል።

ሌላም አደጋ አለ። ከቦዩ ግድግዳ ጀርባ የማቀዝቀዣው ውሃ ይዘዋወራል። ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ያለ ልክ የሞረደ ሰው በድንገት ወደ ውሃው ሊበሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቴስታታው ዋጋው ወደ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ይወርዳል። የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልምና፥ ለአሮጌ የሥራ መኪና የሚበጀው ማስፋት ሳይሆን ማስተካከል ነው። ማስተካከል ማለት በመገናኛው ላይ ያለውን ጠርዝ ማጥፋት፥ በቦዩ ውስጥ ብረቱ ሲፈስ የቀሩትን ጉብጉብ ነገሮች ማለስለስ፥ የተጠራቀመውንም ጥላሸት ማውጣት ነው።

የሥራው ተራ

ይህን ሥራ የሚሠራው መካኒክ ነው። ቢሆንም ነጋዴው ተራውን ቢያውቅ ገዢው ለምን ይህን ወይም ያን ዕቃ እንደ ጠየቀው ይገባዋል።

በመጀመሪያ ለሥራው የሚሆነው ትክክለኛ ጋስኬት ይገዛል። ብዙዎች ጋስኬትን በመጨረሻ የሚገዛ ዕቃ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በዚህ ሥራ ግን ጋስኬቱ መለኪያው ራሱ ነው። የጋስኬቱ ቀዳዳ የተዛባ ከሆነ በእርሱ ልክ የተሞረደው ብረትም የተዛባ ይሆናል።

በሁለተኛ ደረጃ ቫልቮቹ ወጥተው የቴስታታውና የማኒፎልዱ ፊት ይጸዳል። ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑ በብረት ማስመሪያና በክፍተት መለኪያ ይመረመራል። የተጣመመ ፊት ካለ አስቀድሞ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት።

በሦስተኛ ደረጃ ፊቱ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ይቀባል። ጋስኬቱ በብሎኖቹ ላይ ከገባ በኋላ የቀዳዳው ዙሪያ በሹል መርፌ ይሰመራል። ማኒፎልዱም በዚያው ጋስኬት እንዲሁ ይሰመራል። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ጥቂት ልቅነት ስለሚኖራቸው፥ ማኒፎልዱ ሲሰመርም ሲታሰርም በአንድ ቦታ ላይ መቀመጡ በጥብቅ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ትናንሽ የመሐል መያዣ ቀለበቶች ቢኖሩ እንደ ትርፍ ዕቃ ተቆጥረው ሊጣሉ አይገባም።

በአራተኛ ደረጃ ከመስመሩ ውስጥ የቀረው ብረት በሚሽከረከር ትንሽ ሞረድ ቀስ እያለ ይነሣል። ሞረዱ በመስመሩ ላይ ብቻ መቆም የለበትም፤ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገባ፥ ሰፊው ከጠባቡ ጋር ሳይታወቅ እንዲዋሐድ ይደረጋል። የቫልቭ መቀመጫው ግን ከቶ መነካት የለበትም።

በአምስተኛ ደረጃ የቦዮቹ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የመውጫው ቦይ ጥላሸት እንዳይይዝ ቢያብረቀርቅ መልካም ነው። የመግቢያው ቦይ ግን እንደ መስተዋት መብራት አያስፈልገውም፤ በጥቂቱ ሻካራ ሆኖ ሲቀር በግድግዳው ላይ ያረፈው ቤንዚን ተመልሶ ከአየሩ ጋር ለመደባለቅ ይቀለዋል።

በስድስተኛ ደረጃ ሁሉም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በአየር ግፊት ይነፋል። ይህ ክፍል ቀላል መስሎ ቢታይም፥ ችላ ከተባለ ድካሙን ሁሉ ያጠፋዋል። በቦዩ ውስጥ የቀረች የብረት ብናኝ ወደ ሲሊንደሩ ወርዳ የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ ትበላለች።

በመጨረሻም ቫልቮቹ በመቀመጫቸው ላይ ተፈጭተው ከገቡ በኋላ ቴስታታው ይታሰራል። ብሎኖቹ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፥ በሁለት ጊዜ ይጠብቃሉ። በላዳ ሞተር ላይ 10ሩ ትልልቅ ብሎኖች መጀመሪያ ከ3.4 እስከ 4.2 ኪሎ ግራም ሜትር፥ ቀጥሎ ከ9.8 እስከ 12.1 ኪሎ ግራም ሜትር ድረስ ጥብቀቱን በቁጥር በሚያሳይ ቁልፍ ይታሰራሉ። 11ኛው ቀጭን ብሎን ግን ከ3.1 እስከ 3.9 ብቻ ይበቃዋል፤ እንደ ትልልቆቹ ቢጠብቅ ይበጠሳል።

የቴስታታው ጋስኬት፤ 76 እና 79

እስካሁን የተነገረው ስለ ማኒፎልዱ ጋስኬት ነው። ከቴስታታውና ከብሎኩ መካከል የሚገባው ትልቁ ጋስኬት ደግሞ የሚያገኘው ሙቀትና ግፊት የበረታ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ላይ የሚደረግ ስሕተት ይቅርታ የለውም። ዘልቆ የገባ ጠርዝ ከሸሸ ጠርዝ ይከፋል የሚለው ሕግ እዚህም ላይ ይሠራል።

የ79 ሲሊንደር ላለው ሞተር የ76 ጋስኬት ቢሸጥ ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር፥ ማለት በየወገኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጋስኬቶች ቀዳዳቸው ከሲሊንደሩ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ ቢሠራም ይህን ያህል ልዩነት አይሸፍንም። ስለዚህ የጋስኬቱ ከንፈር ወደ እሳቱ ውስጥ ዘልቆ ይቆማል። ከኋላው ሙቀቱን የሚቀበል ብረት የሌለው በመሆኑ ይግላል፤ ግሎም ቤንዚኑን ከካንዴላው በፊት ያለ ጊዜው ያነድደዋል። ቀጥሎ ከንፈሩ ተቃጥሎ ይቆረሳል፤ እሳቱም ወደ ውሃው መንገድ ያገኛል። ያን ጊዜ ውሃው ይፈላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታም ከሙቀቱ ብዛት ይጣመማል። በጥቂት ብር የተገዛ ጋስኬት የቴስታታ ዋጋ አስከፈለ ማለት ነው።

በተቃራኒው ለ76 ሲሊንደር የ79 ጋስኬት ቢገባ፥ በዙሪያው ጥላሸት የሚያዝበት ጠባብ ጎድጓዳ ይቀራል፤ የሲሊንደሩ ግፊትም በጥቂቱ ይቀንሳል። ይህም ቢሆን ጥፋት ነው፤ የሚያሽገውም ፊት ጠባብ ይሆናል። ነገር ግን እንደ መጀመሪያው ወዲያው አይቃጠልም። ስለዚህ «ሁለቱም ስሕተት ያው ነው፤ የተገኘው ይግባ» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

በዚህ ላይ ያረጁ ሲሊንደሮች በቶርኖ ቤት የሚሰፉ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ለላዳ ሞተር ከመደበኛው በ0.4 እና በ0.8 ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ፒስተኖች ይሠራሉ። ስለዚህ የ79 ሞተር ሁለት ጊዜ ከሰፋ በኋላ 79.8 ሊሆን ይችላል። ከዚህም አልፎ የተሰፋ ሞተር ቢመጣ መደበኛው ጋስኬት እንደማይስማማው አውቆ ሰፊውን መፈለግ ያስፈልጋል።

የባለ ሱቁ ድርሻ

የባለ ሱቅ ሥራ የሚጀምረው ዕቃ ከማንሣት ሳይሆን ከመጠየቅ ነው። ለምሳሌ አንድ የታክሲ ባለቤት ወደ ሱቅ ገብቶ እንዲህ ብሎ ጠየቀ እንበል።

«እባክዎ ጋሼ፥ የላዳ የቴስታታ ጋስኬት ይስጡኝ።»

«የትኛው ሞተር ነው ወንድሜ?»

«ላዳ ነው አልኩዎ! ላዳ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ሲሊንደሩ 76 የሆነ አለ፤ 79 የሆነም አለ። መኪናው የየትኛው ሞዴል ነው?»

«ሊብሬው ላይ 2101 ይላል።»

«ሞተሩስ ከዚያ ወዲህ ተለውጦ አያውቅም?»

«እሱን እንኳ እንጃ። እኔ ስገዛው ያገለገለ ነበር።»

«እንግዲያው ዛሬ አልሸጥልዎትም። መካኒኩ በብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ዓይነት ያንብብ፤ የሲሊንደሩንም ስፋት በካሊፐር ለክቶ በወረቀት ይጻፍልዎት። ነገ ይዘውት ሲመጡ ልኩን አገኝልዎታለሁ።»

ይህ ባለ ሱቅ በዚያ ቀን አንድ ጋስኬት ሳይሸጥ ቀረ። ዳሩ ግን ገዢውን መኪናው ቆሞ ከሚውልበት ብዙ ቀን፥ ራሱንም ከክርክርና ከዕቃ መመለስ አዳነ። እንዲህ ያለው ሰው ለጎረቤቱ ታክሲ ባለቤት ሁሉ ስሙን በመልካም ማንሣቱ አይቀርም።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፥ የመኪናው ስምና ሞዴል ለጋስኬት በቂ ምስክር አይደለም፤ በረጅም ዘመን ውስጥ ሞተር ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛ፥ ገዢው ይዞት የመጣው አሮጌ ጋስኬትም ብቻውን አያሳምንም፤ ቀድሞ የገባው ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላልና፥ ዋናው ዳኛ የሲሊንደሩ ልክ ነው። ሦስተኛ፥ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካሊፐር መኖሩ ለመለዋወጫ ነጋዴ እንደ ሚዛን ለእህል ነጋዴ አስፈላጊ ነው።

የአስመጪው ድርሻ

አስመጪው ዕቃ ሲያዝ «የላዳ ጋስኬት ይህን ያህል ፍሬ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፥ የሚደርሰው ላኪው ማውጣት የፈለገው ዕቃ ነው። በትእዛዙ ላይ የሞተሩ ዓይነት፥ የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር፥ የጋስኬቱ ውፍረት፥ የተሠራበት ነገርና የፋብሪካው የዕቃ ቁጥር ሊገለጹ ይገባል። ውፍረቱ በተለይ መጻፍ አለበት፤ ቴስታታው ተፍቆ ከሳሳ በኋላ ስስ ጋስኬት ቢገባበት የሲሊንደሩ ግፊት ከልክ በላይ ይወጣና ሞተሩ ያንኳኳል። ብዙ ከመታዘዙም በፊት ናሙና አስመጥቶ በእውነተኛ ቴስታታና ማኒፎልድ ላይ አስቀምጦ ማየት ብልኅነት ነው። የናሙናው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ከታየ ያንን ዕቃ አለማዘዝ፥ ታይቶም ከታዘዘ ኪሳራውን ከራስ መቁጠር ነው።

ቴስታታ፥ ማኒፎልድና ጋስኬት የሚያስመጣ ነጋዴም ሦስቱን ለየብቻ እንደ ሦስት ዕቃ ማየት የለበትም። ገዢው የሚፈልገው ሦስት ቁራጭ ብረት ሳይሆን አንድ የተቃና መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ቢቻል ከአንድ ፋብሪካ፥ ካልተቻለም እርስ በርሳቸው ተለክተው የተስማሙትን አብሮ ማስመጣት ይሻላል።

ስለ አቀማመጥና ስለ ጤና

ጋስኬት በሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ሊታጠፍ፥ ከበላዩ ከባድ ዕቃ ሊጫንበት፥ ፀሐይና እርጥበትም ሊያገኘው አይገባም። አንድ ጊዜ የታጠፈ ጋስኬት ቢዘረጋም የታጠፈበት መስመር ላይ ጭስ ያሾልካል። በጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ ከነማሸጊያው ተዘርግቶ ቢቀመጥ፥ 76 እና 79 በልዩ ልዩ ሣጥን ሆነው ቁጥሩ በጉልህ ቢጻፍባቸው፥ በጥድፊያ ጊዜ የሚደርሰው መሳሳት ይቀንሳል።

ከዚህም ሌላ የቀድሞ ዘመን ጋስኬቶች ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ ነበረባቸው። የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰርንና ሌላም የሳንባ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ አሮጌ ጋስኬት ከቴስታታው ላይ ሲነቀል በውሃ ርሶ ቀስ ብሎ መፋቅ አለበት እንጂ፥ ደረቁን በሚሽከረከር ሞረድ መፍጨት ወይም በአየር መንፋት አይገባም። በመጋዘኑ ውስጥ ከድሮ የቀረ ጋስኬት ያለው ነጋዴም ከምን እንደ ተሠራ መርምሮ፥ አስቤስቶስ ያለበት ከሆነ ለሽያጭ ማቅረቡን ትቶ በአዲስ መተካት ይኖርበታል።

የትምህርቱ ማጠቃለያ አጭር ነው። አሮጌ ሞተር በደንብ እንዲተነፍስ የሚያደርገው የቦዩ መስፋት ሳይሆን የመገናኛው መስማማት ነው፤ የመስማማቱም መለኪያ ጋስኬት ነው። መካኒኩ በጋስኬቱ ልክ ይሞርዳል፤ ጋስኬቱን የሰጠው ባለ ሱቁ ነው፤ ለባለ ሱቁም ያመጣለት አስመጪው ነው። ከሦስቱ አንዱ ሳይለካ ቢሠራ የሁለቱ ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል። በመሆኑም በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ከዋጋው አስቀድሞ ልኩ ይጻፍ።